የቡና ከተማ ድኻ ሠፈሮች፤ የዲላ ነዋሪዎች የኑሮ ሁኔታ በታሪክ ሲመረመር

መግቢያ

ስለ ከተማ ድህነት ጥያቄ በተነሣ ቁጥር የሚሰጠው መልስ ብዙውን ጊዜ አጭር ነው። ገጠሩ ሲጠበው ሰው ወደ ከተማ ይጎርፋል፤ ከተማውም በቂ ሥራ ስለሌለው የመጣው ሰው ድኻ ሆኖ ይቀራል፤ ድኻውም የተጨናነቀና ንጽሕና የጎደለው ሠፈር ይፈጥራል ይባላል። ይህ አነጋገር ፈጽሞ ሐሰት ነው ባይባልም ጎደሎ ነው፤ ሰውዬው ከመሬቱ ለምን እንደ ተለየ፣ የሚያድርበት ቤት የማን እንደ ነበረና ዛሬ የማን እንደ ሆነ፣ ሥራውም በዓመቱ ውስጥ ስንት ወር እንደሚቆይለት አይጠይቅምና።

እኛም በዚህ ጽሑፍ የተዘለለውን ጥያቄ ለማንሣት ዲላን መርጠናል። የመረጥንበትም ምክንያት ዲላ የድኻ አገር ከተማ ስላልሆነች ነው። በዙሪያዋ ያለው የጌዴኦ አገር በይርጋ ጨፌ ስም በዓለም ገበያ የታወቀውን ቡና ያበቅላል፤ ይህም ቡና ወደ አዲስ አበባ፣ ከዚያም ወደ ውጭ አገር ሲጓዝ በዲላ ያልፋል። እንግዲህ ይህን ያህል ሀብት በሚያልፍበት በር ላይ የጭቃ ቤት ተደራርቦ፣ ቤተሰብ በአንድ ክፍል ተጣቦ የሚኖርበት ሠፈር ስለ ምን ሊቆም ቻለ? የእኛ ሐሳብ እንዲህ ነው፤ የእነዚህ ሠፈሮች ድህነት ከሀብቱ ርቆ የበቀለ ሳይሆን ከዚያው ከቡናው ሀብት ጋር አብሮ የበቀለ ነው። ይህንንም በሦስት ነገሮች ለማሳየት እንሞክራለን፤ እነርሱም መሬት፣ ቤትና ወቅት ናቸው። በጽሑፋችን ያሉት ዓመታት እንደ ኢትዮጵያ አቆጣጠር ናቸው፤ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የሆነውን እ.ኤ.አ. በሚል ምልክት ለይተናል።

፩. አገሩና ከተማዋ

ዲላ ከአዲስ አበባ በስተ ደቡብ 360 ኪሎ ሜትር ግድም፣ ከሐዋሳ ደግሞ 90 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ ወደ ሞያሌ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ የምትገኝ ከተማ ናት። ከባሕር ጠለል በላይ ያላት ከፍታ 1,570 ሜትር ያህል ነው። በስተ ምዕራብ ወደ አባያ ሐይቅ የሚወርደውን ቆላ፣ በስተ ምሥራቅ ወደ ቡሌ የሚወጣውን ደጋ ታዋስናለች። የጌዴኦ ዞን መቀመጫ ስትሆን፣ በ2015 ዓ.ም. የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል በተቋቋመ ጊዜ ከክልሉ ማእከሎች አንዷ ሆናለች።

የጌዴኦ ገበሬ እንሰትን፣ ቡናንና ታላላቅ ዛፎችን በአንድ ማሳ ላይ ደራርቦ የሚያለማ ጥበበኛ ገበሬ ነው። ዛፉ ለቡናው ጥላ ይሆናል፤ እንሰቱ ቤተሰቡን ይመግባል፤ ቡናው ገንዘብ ያስገኛል። ይህ የአሠራር ስልት በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት መዝገብ ሰፍሯል። እንሰት በጥቂት መሬት ላይ ብዙ ሰው የሚመግብ ተክል በመሆኑም አገሩ እጅግ የበዛ ሕዝብ ሊሸከም ችሏል። በ1999 ዓ.ም. የሕዝብ ቆጠራ የዞኑ ሕዝብ 847,434 ሆኖ ተገኝቷል፤ ይህም በአንድ ካሬ ኪሎ ሜትር 700 ሰው ያህል ማለት ነው። ከዚህ ሁሉ ሕዝብ በከተማ የሚኖረው ከመቶ 13 እንኳ አይሞላም ነበር። የዲላ ነዋሪዎች ቍጥር ግን በ1987 ዓ.ም. ከነበረው 33,734 ተነሥቶ በ1999 ዓ.ም. 59,150 ደርሶ ነበር። አራት ሰው በነበረበት ሰባት ሰው ሆነ ማለት ነው።

ከተማዋ እንዲህ ልታድግ የቻለችው በመንገድ ምክንያት ነው። ክረምት ከበጋ መኪና የሚሄድበት ከአዲስ አበባ የሚመጣው መንገድ ለብዙ ዘመን መጨረሻው ዲላ ነበር። ስለሆነም ከይርጋ ጨፌና ከዚያ ወዲያ ካለው አገር የሚመጣው ቡና በሰው ጫንቃና በጋማ ከብት ተጭኖ ዲላ ይራገፋል፤ ከዚያም በመኪና ይጫናል። መንገዱ ወደ ደቡብ ከቀጠለ በኋላም ነጋዴውና መጋዘኑ አልተነሡም። ከዚህ እንደምንረዳው ዲላ ከመጀመሪያው የማራገፊያና የመጫኛ ከተማ ናት። የምታራግፈውና የምትጭነው ደግሞ ያለ ተሸካሚ አይሆንም። የድኻው ሠፈር የመጀመሪያ ነዋሪ ይኸው ተሸካሚ ነው።

፪. መሬት

ጌዴኦ በማእከላዊው መንግሥት ሥር የገባው በ1880ዎቹ መጨረሻ፣ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ነው። በአስተዳደሩ መዝገብ ሕዝቡም አገሩም እስከ አብዮቱ ዘመን ደራሳ ይባሉ ነበር። አገሩ የሲዳሞ ጠቅላይ ግዛት ክፍል ሲሆን፣ ከገዢዎቹ ሁሉ ስማቸው የገነነው ደጃዝማች ባልቻ ሳፎ ናቸው፤ እሳቸውም በየካቲት 1920 ዓ.ም. ከሥልጣናቸው እስኪነሡ ድረስ፣ በመካከሉ ቢቋረጥም፣ ለረዥም ዘመን አስተዳድረውታል። በዚያን ጊዜ የነበረው ሥርዐት የገባር ሥርዐት ነበር። ወታደሩ በደመወዝ ፋንታ ገባር ይቆረጥለታል፤ ገባሩም ያርስለታል፣ ይፈጭለታል፣ አጥር ያጥርለታል፣ ዕቃውን ይሸከምለታል።

ቡና ዋጋ እያወጣ በሄደ ጊዜ ግን ነገሩ መልኩን ለወጠ። ከገባሩ ጕልበት ይልቅ ቡናው የቆመበት መሬት የሚከብር ሆነ። ያን ጊዜ መሬቱ በቀላድ እየተለካ በጋሻ ይከፋፈል ጀመር። የተለካውም መሬት ከፊሉ ለባላባቱ በሲሶነት ሲቀር፣ የቀረው ለመንግሥትና መንግሥት ለወደደው ሰው ሆነ። የትናንቱ ወታደር የዛሬ ባለርስት፣ የትናንቱ ገባር የዛሬ ጭሰኛ ሆነ ማለት ነው። ጣልያን በወረራው ዘመን የገባርን ሥርዐት አፈረሰ፤ ከነጻነት በኋላም በ1934 እና በ1937 ዓ.ም. የወጡት የመሬት ግብር አዋጆች ገባሩ በጕልበቱ ያገለግል የነበረውን ግዴታ አስቀርተው ግብሩ በገንዘብ እንዲከፈል አዘዙ። ነገር ግን አዋጆቹ ባለርስቱንና ጭሰኛውን ያገናኘውን ውል አልነኩትም። ጭሰኛው የተከለው ቡና እንኳ የእርሱ መሆኑ የማያስተማምን ነበር፤ ባለርስቱ ድርሻውን ከፍ ሊያደርግበት፣ ካልተስማማም ሊያስነሣው ይችል ነበርና።

በዚህ ምክንያት የተጠራቀመው ምሬት በ1952 ዓ.ም. ፈነዳ። የጌዴኦ ገበሬዎች በባለርስቶች ላይ ተነሥተው፣ ሚችሌ በተባለው ስፍራ ጦርና ጎራዴ ይዘው ጠመንጃ ከያዘ ኃይል ጋር ተዋጉ። ውጊያውን ገበሬዎቹ ተሸነፉ። ይህ ነገር በታሪክ መጻሕፍት የሚወሳው በገበሬ አመፅነቱ ነው፤ ለእኛ ርእስ የሚጠቅመው ግን ሌላ ነገር ነው፤ ይኸውም መሬት ያጣው ሰው ወዴት ሄደ የሚለው ነው።

ሰውዬው የሚሄድበት መንገድ ሁለት ነበር። አንደኛው ወደ ጉጂ አገር ተሻግሮ ሰፊ መሬት ፍለጋ መውጣት ነው። ሁለተኛው ወደ ዲላ ወርዶ የቀን ሥራ መፈለግ ነው። የመጀመሪያውን መንገድ የያዙት ቡናና እንሰት ተክለው እንደገና ገበሬ ሆኑ። የሁለተኛውን የያዙት ግን ጫንቃቸውን ብቻ ይዘው ቀሩ። በየካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት አዋጅ ጭሰኝነትን ሲያጠፋ የደረሰውም በገጠር ለተገኘው ገበሬ ነው፤ አስቀድሞ ወደ ከተማ የወረደው ሰው ከዚያ ድርሻ አልነበረውም። በኋላም ሕዝቡ ሲበዛ የአባት ማሳ ለልጆች እየተከፋፈለ፣ ከግማሽ ሄክታር ያነሰ መሬት የያዘው ገበሬ ብዙ ሆነ፤ ሦስተኛና አራተኛ የሆነው ልጅም የአባቱን ዘመን ጭሰኛ ፈለግ ተከትሎ ወደ ከተማው ይወርዳል።

፫. ቤት

ከ1967 ዓ.ም. በፊት የኢትዮጵያ ከተሞች ቦታ በጥቂት ባለርስቶች፣ በመኳንንቱ፣ በቤተ ክርስቲያንና በነጋዴዎች እጅ ነበር። ከመንገዱ ፊት ለፊት ሱቅና መጋዘን ይሠራል፤ ከጀርባው ደግሞ በእንጨትና በጭቃ የቆሙ፣ ቆርቆሮ የለበሱ ክፍሎች ተደርድረው ለተሸካሚው፣ ለጠላ ሻጯ፣ ለልብስ ሰፊው ይከራያሉ። ተከራዩ የጽሑፍ ውል የለውም፤ ባለቤቱ ውጣ ባለው ቀን ይወጣል።

በሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቍጥር 47 ይህን ሁሉ ገለበጠው። የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት ሆነ፤ አንድ ቤተሰብ ከአንድ መኖሪያ ቤት በላይ እንዳይኖረው ተደነገገ። ኪራይም ተቀነሰ፤ ቅናሹም ዝቅተኛ ኪራይ ለሚከፍለው ድኻ እስከ ግማሽ የሚደርስ ነበር። የወር ኪራያቸው ከ100 ብር በታች የሆኑት ቤቶች በቀበሌ እንዲተዳደሩ ሆነ። እኛ ይህን አዋጅ በሁለት ወገን ማየት ይገባል እንላለን።

በአንድ ወገን አዋጁ ለድኻው ትልቅ ነገር አደረገለት። የመባረርን ፍርሃት አራቀለት፤ በከተማው መካከል፣ ለገበያውና ለመጋዘኑ ቅርብ በሆነ ስፍራ፣ በጥቂት ብር እየኖረ ልጆቹን እንዲያሳድግ አስቻለው። ዛሬም በእነዚህ ሠፈሮች የሚኖር ሰው ከከተማው ያልተነቀለው በዚሁ አዋጅ ምክንያት ነው።

በሌላው ወገን ግን ቤቱን ባለቤት አሳጣው። ኪራዩ በጥቂት ብር ተወስኖ ስለ ቀረ ቀበሌው ከሚሰበስበው ገንዘብ ቤቱን ሊያድስ አልቻለም። ተከራዩም የእርሱ ባልሆነ ቤት ላይ ገንዘቡን ማፍሰስ አልደፈረም። ትርፍ ቤት መሥራት የተከለከለ ስለ ነበርም ለኪራይ የሚሆን አዲስ ቤት የሚሠራ ጠፋ። ሕዝቡ ግን ይጨምራል። እንግዲህ ምን ሆነ? ምስጥ የበላው ማገር ሳይለወጥ፣ የዛገው ቆርቆሮ ሳይነሣ፣ አንዱ ክፍል በመጋረጃ ለሁለት ተከፈለ፤ ከግድግዳው ላይ ቅጥያ ተለጠፈ፤ ደባል ገባ። የቀበሌ ቤት ያለው ድኻ ቤት የሌለውን ድኻ አስጠግቶ ከእርሱ በሚያገኘው ኪራይ የወሩን ወጪ የሚደጕምበት ኑሮ ተፈጠረ።

ከ1983 ዓ.ም. በኋላ ትርፍ ቤት መሥራት ተፈቀደ፤ ከታኅሣሥ 1986 ዓ.ም. ጀምሮም የከተማ ቦታ በሊዝ እንዲሰጥ ታወጀ፤ ሕጉም በ2004 ዓ.ም. እንደገና ተሻሻለ። ሊዝ ገንዘብ ላለው ሰው በር ከፈተ። የቀን ሠራተኛው ግን በጨረታ ሊወዳደር አይችልምና የቀሩለት የቀበሌው ቤት፣ ደባልነትና ከግቢ ጀርባ የሚሠራው ሰርቪስ ቤት ናቸው። በ1988 ዓ.ም. በዲላ ኮሌጅ ሲከፈት፣ እሱም ኋላ ዩኒቨርሲቲ ሲሆን፣ ክፍል የሚፈልገው የመንግሥት ሠራተኛና ተማሪ በዛ። ለቤት አከራዩ ይህ በረከት ነው፤ ለቡና ለቃሚዋ ግን የማትችለው ተወዳዳሪ መጣባት።

፬. ወቅት

አሁን ወደ ዋናው ነገር ደረስን። በቡና ከተማ ዓመቱ እኩል አይደለም። ከጥቅምት እስከ ጥር ባለው ጊዜ ቡናው ይቀላል፤ እሸት ቡና ወደ መፈልፈያ ጣቢያ ይጎርፋል፤ ጀንፈሉም በየአልጋው ላይ ይሰጣል። ያን ጊዜ ሥራ አለ። ወንዱ ይሸከማል፣ ይጭናል፣ ያወርዳል፤ ሴቷ በመጋዘን ተቀምጣ የተሰበረውንና የጠቆረውን ፍሬ ከደኅናው ትለያለች። ገንዘብ በእጅ ስለሚገባ ቆጮና ቡና አፍልታ የምትሸጠው፣ ጠላ የምትጠምቀው፣ በጉልት ላይ ቲማቲምና ሽንኩርት የምትደረድረው ሁሉ ገበያ ታገኛለች። አንዱ የቡና ኬሻ ከሰብሳቢ ወደ አቅራቢ፣ ከአቅራቢ ወደ ላኪ ሲሸጋገር በመንገዱ ላይ የብዙ ሰው እንጀራ ነው።

ቡናው ሲያልቅ ግን ሥራውም ያልቃል። ክረምት ሲገባ መጋዘኑ ይዘጋል፤ ዝናቡ የቀን ሥራውን ያስቀራል፤ የእህል ዋጋ ደግሞ የሚወደደው ያን ጊዜ ነው። ደመወዙ የቀን ነው፤ ኪራዩ ግን የወር ነው፤ ረኃቡም የየዕለቱ ነው። ሰው ይህን ገደል የሚሻገረው ከሱቅ በዱቤ በመውሰድ፣ ዕቁቡን በማስቀደም፣ ልጁን ከትምህርት አስቀርቶ ሊስትሮ በማስያዝ ነው። ዱቤውም በሚመጣው የቡና ወቅት ይከፈላል። እንግዲህ የጥቅምት ገንዘብ የነሐሴን ዕዳ ይከፍላል እንጂ ለቤት ማደሻ አይተርፍም።

ይህ ነገር የዲላ ብቻ አይደለም። እንግሊዛዊው ቻርልስ ቡዝ የለንደንን ምሥራቃዊ ሠፈሮች አጥንቶ እ.ኤ.አ. በ1889 ባሳተመው መጽሐፍ፣ ለድህነት ትልቁ ምክንያት ስንፍናና መጠጥ ሳይሆን የሥራ መቋረጥና የደመወዝ ማነስ መሆኑን አሳይቷል። በዚያው ዓመት የለንደን ወደብ ተሸካሚዎች አድማ መትተው በሰዓት 6 ፔኒ እንዲከፈላቸውና ለሥራ የተጠራ ሰው ከ4 ሰዓት በታች እንዳይቀጠር ጠየቁ። የለንደኑ ተሸካሚ መርከብ ይጠብቃል፤ የዲላው ተሸካሚ እሸት ቡና ይጠብቃል። ሁለቱም በባለመርከቡና በቡና ነጋዴው ሀብት አጠገብ ይኖራሉ፤ ሁለቱም ነገ ሥራ ስለ መኖሩ አያውቁም።

በወቅቱ ላይ ደግሞ የዓለም ገበያ ይጨመራል። በ1981 ዓ.ም. ክረምት የዓለም የቡና ስምምነት የኮታ ሥርዐት በፈረሰ ጊዜ የቡና ዋጋ ብዙም ሳይቆይ በግማሽ ያህል ወደቀ። እንደ እኛ አስተያየት የከተማው ድኻ ከገጠሩ ድኻ የሚለየው በዚህ ላይ ነው። ገበሬው ቡናው ዋጋ ቢያጣ በጓሮው እንሰት አለው፤ ልብስና ጨው ቢያጣ እንኳ ቆጮ አያጣም። የከተማው ተሸካሚ ግን ቡናው ሲወድቅ አብሮ ይወድቃል፤ የሚደግፈው እንሰት የለውምና። የጌዴኦ አባቶች ቡናንና እንሰትን በአንድ ማሳ የተከሉት ያለ ምክንያት አይደለም፤ አንደኛው ሲጠፋ ሌላው እንዲያቆም ነው። ድኻው ሠፈር ይህ ጥበብ ግማሹ የተቆረጠበት ስፍራ ነው፤ ቡናው አለ፣ እንሰቱ የለም።

፭. የሠፈሩ ማኅበራዊ ኑሮ

ይህን ሁሉ ሲያዩ ሠፈሩ እንዴት ሊቆም ቻለ ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው። መልሱ ሠፈሩ የራሱን እንሰት ተክሏል የሚል ነው፤ ያም እንሰት ዕድሩ ነው። በዲላ የጌዴኦ፣ የአማራ፣ የጉራጌ፣ የሲዳማ፣ የኦሮሞና የሌላውም ብሔረሰብ ሰው፣ ኦርቶዶክሱም ጴንጤውም እስላሙም በአንድ ግቢ ይኖራል። ሞት ሲመጣ ድንኳኑን የሚተክለው፣ አስከሬኑን የሚሸከመው፣ ሐዘንተኛውን የሚመግበው ጎረቤት ነው። የቦኖው ውኃ ሰልፍ፣ የጋራው መጸዳጃ ቤት ጥበትና የፍሳሹ ጕድጓድ መሙላት ጠብ ቢያመጡም፣ ያው ጎረቤት ልጅ ይጠብቃል፣ እሳት ያዋውሳል፣ ለክረምቱ ያበድራል።

ይህ መደጋገፍ ከሁሉ ይልቅ የተፈተነው በ2010 ዓ.ም. ነው። በዚያ ዓመት ከሚያዝያ ጀምሮ በጌዴኦና በምዕራብ ጉጂ መካከል በተነሣው ግጭት ከሁለቱ ወገን ወደ አንድ ሚሊዮን የሚጠጋ ሕዝብ ከቤቱ ተፈናቀለ፤ በ1990 ዓ.ም.ም ተመሳሳይ ግጭት ተነሥቶ ነበር። ከጉጂ አገር ተባርረው ወደ ጌዴኦ ከመጡት ውስጥ ብዙዎቹ ከላይ በመጀመሪያው መንገድ ሄዱ ያልናቸው ሰዎችና ልጆቻቸው ናቸው። መሬት ፍለጋ የወጣው ሰው መሬቱን አጥቶ ተመለሰ፤ የተመለሰውም ወደዚያው መሬት ወደ ሌለው አገር ነው። ትምህርት ቤቶችና አብያተ ክርስቲያናት ተጨናነቁ፤ በአንድ ክፍል የሚኖረው የከተማ ዘመድም በሩን ከፈተ። በ2011 ዓ.ም. መንግሥት ተፈናቃዮቹን ወደ መጡበት መልሷል። ሆኖም ይህ ታሪክ የመሬቱ ጥያቄ በገጠር ተዘግቶ እንደማይቀርና ሄዶ ሄዶ በከተማው ድኻ በር ላይ እንደሚቆም ያሳየናል።

፮. ማጠቃለያ

ከላይ ያየነውን በአጭሩ እንሰብስበው። መሬት ሰውዬውን ወደ ከተማ ገፋው፤ ቤት በአንድ ክፍል ውስጥ አቆመው፤ ወቅት ደግሞ ከዓመት ዓመት ዕዳ ከፋይ አድርጎ አስቀረው። ስለዚህ የእነዚህን ሠፈሮች ሰው ሰነፍ ነው፣ ወይም የከተማዋን መልክ ያበላሻል ብሎ መናገር ታሪክን አለማወቅ ነው። ከተማዋን የተሸከማት እርሱ ነው።

ይህን መናገር ዛሬ የሚያስፈልግበት ምክንያት አለ። በ2016 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በኮሪደር ልማት ሥራ የፒያሳ ነባር ሠፈሮች ፈርሰው፣ ከነዋሪዎቻቸው ብዙዎቹ ወደ ከተማዋ ዳርቻ ተዛውረዋል፤ ሥራውም ወደ ክልል ከተሞች ተስፋፍቷል። አሮጌው የጭቃ ቤት ይቆይ የሚል የለም፤ እኛም አንልም። ነገር ግን ለቀን ሠራተኛ ከከተማ መካከል ወደ ዳር መሄድ ማለት ከጉልቷና ከመጋዘኑ መለየት፣ ዕድሩንም መበተን ማለት ነው። አዲስ ቤት አግኝቶ እንሰቱን ሁለተኛ ጊዜ ያጣል።

ስለዚህ ሦስት ነገሮችን እናሳስባለን። አንደኛ፣ የቀበሌ ቤት ነዋሪና ደባል ሠፈሩ ከመፍረሱ በፊት ተመዝግበው፣ እዚያው ወይም በአቅራቢያው የመኖር መብታቸው በጽሑፍ ይረጋገጥ። ሁለተኛ፣ የከተማው የቦይ፣ የመንገድና የውኃ ሥራ በተቻለ መጠን የቡናው ሥራ ካለቀበት ወር ጀምሮ እንዲሠራ ይደረግ፤ ሥራ በሚጠፋበት ጊዜ ሥራ እንዲገኝ። ሦስተኛ፣ በዲላ ከሚያልፈው የቡና ሀብት የሚገኘው የመንግሥት ገቢ ከፊሉ ለእነዚህ ሠፈሮች ቦኖ፣ መጸዳጃና የፍሳሽ ቦይ ይመደብ። ይህ ምጽዋት አይደለም። ኬሻው ከመኪናው ላይ የወጣው በእነዚህ ሰዎች ጫንቃ ነውና፣ የሚከፈላቸው ዋጋ ነው።